ስድስት ሰዓት ከሩብ ያለ ማነው?

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አውራ ጣቴን ቀለም እየነከርኩ ያልገባኝን ወረቀት ሁሉ አጽድቄያለሁ። ያነበቡልኝ ሰዎች ደስ ያላቸውን ነው ያነበቡልኝ። ስለዚህ የተማረ ሰው ሲያስረዳኝ ቶሎ አላምንም። ቅር ያለው ቅር ይበለው።

አሶሳ ዳር፣ በሰፈራችን፣ የቦኖ ውሃ ቁልፍ ያዥ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎልማሶች የምንማረው ደግሞ ከቦኖው ፊት ለፊት ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ቅዳሜ መምህርታችን፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሴት፣ ሰሌዳው ላይ አንዲት ቃል ጻፈች። አነበብኩና ደሜ ፈላ።

«መምህርት፣ እኔ ሙድ የሚያዝብኝ ሰው አይደለሁም!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጎኔ የሚቀመጠው፣ ከወሎ በሰፈራ አብረን የመጣን ሽማግሌ፣ «ተቀመጥ እባክህ፣ አንተን ብሎ ሙድ የሚያዝበት!» አለኝ።

«ሞድ ነው ጋሼ» አለች መምህርቷ፣ ሳትስቅ። «ሞ። ሙ አይደለም።»

የጫማችንን ቁጥር በየተራ ጠይቃ ጻፈች። ደምራ ስታካፍለው አርባ ነጥብ ስድስት መጣ።

«ነጋዴ ብትሆኑ አርባ ነጥብ ስድስት የሆነ ኮንጎ ጫማ ታመጣላችሁ?»

«ማን ሊያደርገው!»

«እንግዲያው በብዛት የተደጋገመውን ፈልጉ።»

አርባ አንድ ነበር። ሞድ ማለት ይኸው ነው አለችን፤ አይደመርም፣ አይካፈልም፣ የትኛው ስንት ጊዜ መጣ ብሎ መቁጠር ብቻ ነው። ወደድኩት። ለማንም እግር የማይሆን ጫማ አያመጣማ።

በዚያው ሰሞን የውሃ ኮሚቴው ቦኖው ስንት ሰዓት ይከፈት ብሎ ቤት ለቤት ጠየቀ። ውሃው በቀን ለሦስት ሰዓት ብቻ ነው የሚለቀቀው። እኔ የሰጋሁት ለሚስቴ ነው። ወገቧን ያማታል፣ ቀን ቀን ገበያ ነች፤ ቦኖው በጠዋት ካልተከፈተላት ጀሪካን አዝላ ወንዝ መውረዷ ነው።

ስብሰባው ማንጎው ሥር ተደረገ። የኮሚቴው ጸሐፊ ምሩቅ ነው፤ ስልኩን አውጥቶ ደመረ። ዘጠኝ ቤት የንጋቱን አሥራ ሁለት ሰዓት ብሏል፣ አምስት ቤት አንድ ሰዓት፣ ስድስት ቤት ሁለት ሰዓት።

«ጠቅላላ መቶ ሃያ አምስት። ለሃያ ቤት ሲካፈል ስድስት ነጥብ ሃያ አምስት። ስለዚህ ቦኖው ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ይከፈታል!» አለና ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈው።

የበርታ ብሔረሰብ ተወላጇ ጎረቤታችን ቀድማ ጮኸች። «ወላሂ፣ ስድስት ሰዓት እኔ እርሻ ነው! ጀሪካን ማን ይሞላል፣ ፀሐይ?»

«አማካይ ነው እናቴ፣ ሁሉንም ያስታርቃል።»

ተነሳሁ። «ስድስት ሰዓት ከሩብ ያለ ማነው? እጁን ያውጣ!»

አንድም እጅ አልወጣም።

«አየህ? ደግሞ ከአሥራ ሁለት ቀጥሎ የሚመጣው አንድ ነው፤ ይህንን ዶሮም ያውቀዋል። ንጋትን ከማለዳ ደምረህ እኩለ ቀን አወጣህ! ሞዱን ተመልከት፣ አሥራ ሁለት ነው።»

«ጋሼ፣ ትናንት ፊደል ቆጥረህ ዛሬ ስታትስቲክስ ልታስተምረኝ? አንዴ ተጽፏል።»

ተጽፏል! ዕድሜዬን ሙሉ በዚህች ቃል ነው አፌን ሲዘጉኝ የኖሩት።

ማታውኑ ለየቤቱ ነግሬ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ቦኖውን ከፈትኩ። በቆርቆሮ በሩ ላይ በጠመኔ «ሞድ 12» ብዬ ጻፍኩ። ዘጠኙ ቤት ተሰልፎ ነበር፣ ሚስቴ ከፊት። የአንድ ሰዓቶቹም የሁለት ሰዓቶቹም በየሰዓታቸው መጥተው ክፍት አገኙት።

ጸሐፊው በሦስተኛው ቀን መጣ። በሩን አነበበና ፊቱ ጠቆረ።

«ሙድ ትይዝብኛለህ እንዴ?»

«ሞ ነው» አልኩት። «መ፣ ሙ፣ ሚ እያልክ ቁጠር፤ ሰባተኛው ላይ ታገኘዋለህ።»

ሰልፉ በሳቅ ተናጋ። በርታዋ ጎረቤታችን ጀሪካኗ እስኪፈስ ሳቀች።

«ቁልፉን አምጣ!»

«ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ና። አንድ የሚቀዳ ሰው ካገኘህ እሰጥሃለሁ።»

መጣም። በዚያ ፀሐይ ከአንዲት ፍየል በቀር ቦኖው ጋ ማንም አልነበረም። ቁልፉ ዛሬም ኪሴ ውስጥ ነው። ቃለ ጉባኤው አሁንም ስድስት ከሩብ ይላል። ይበል።