ያልመረቀነው ሽብሩ

ሽብሩ መሬት ላይ ሲያዩት ትከሻው ወረድ ያለ፣ የጫማውን ማሰሪያ ለማሰር እንኳ ግድግዳ የሚደገፍ የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ ነው። ዕቃ ማንሻው መኪና፣ ፎርክሊፍቱ ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ከድሬዳዋ በባቡር መጥቶ፣ ጂቡቲ ወደብ አጠገብ ካለ አንድ የግል መጋዘን ተሸካሚ ሆኖ ተቀጥሮ፣ እዚያች ወንበር ላይ እስኪወጣ ድረስ ወገቡ ያላየው መከራ የለም። ስለዚህ ለወንበሯ ይሳሳላታል። ሚስቱ ደብሪቱ «ከእኔና ከወንበሯ አንዳችንን ምረጥ ቢሉት እኔን በትህትና ይሸኘኛል» እያለች ታማዋለች።

ከወንበሯ ቀጥሎ የሚወደው ጫት ነው። ሥራ የሚያልቀው ቀትር ላይ ስለሆነና ጫቱም ከኢትዮጵያ የሚገባው በዚያው ሰዓት ስለሆነ፣ ሁለቱ የተነጋገሩ ይመስላሉ። እንደሱ ሾፌር ከሆነው ባልደረባው ከሙክታር ጋር ካርቲየ 4 የሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ መቃሚያ ክፍል አላቸው። ሽብሩ እዚያ ሲመረቅን ወደቡን አፍርሶ ይሠራል፤ የተጣሉ አገሮችን ያስታርቃል። ቤቱ ሲገባ ግን ቃል አይወጣውም፤ እንቅልፍም እምቢ ይለዋል። ያኔ ከሱቅ በፍሬ የሚገዛትን፣ ለአለርጂ ተብላ የተሠራች ነገር ግን ጭልጥ አድርጋ የምታስተኛ ክኒን ይውጣል። ጠዋት ገላው ይነሳል፤ ጭንቅላቱ ተኝቶ ይቀራል።

በፈረንጆች 2013 አንድ ሌላ ሾፌር እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት ዘይት የተደረደረበትን መደርደሪያ ደረመሰ። ሰው አልሞተም፤ ግን ድርጅቱ ደንግጦ ኮምፒውተር አመጣ። ሾፌር ሁሉ ጠዋት ጠዋት ከመንዳቱ በፊት ኮምፒውተሩ ፊት ሊቀመጥ ነው። ቢጫ ክብ ብቅ ሲል ቁልፉን መጫን፣ ቀይ ብቅ ሲል እጅን መሰብሰብ፤ በቃ ይኸው ነው።

ያስረዳቻቸው የመጋዘኑ ነርስ ሙንተሃ ነበረች። እናቷ የድሬዳዋ ሰው ስለሆነች አማርኛዋ አይታማም። «አንዱን ከሌላው አያወዳድርም» አለቻቸው። «ሐሙስ ከሰዓት የእያንዳንዳችሁን ልክ ይይዛል። ከዚያ በየጠዋቱ ከራሳችሁ ጋር ያስተያያችኋል። ድካም ቢሆን፣ መድኃኒት ቢሆን፣ ጫት ቢሆን፣ ሐሳባችሁ ላይ የሠራውን ያሳያል።»

ይህን ሁሉ ተናግራ ሾፌሮቹ የሰሙት «ፈተና» የሚለውን ብቻ ነው። ለፈተና ደግሞ መዘጋጀት ያስፈልጋል። ሐሙስ ቀትር ላይ ጥሩ ጥሩውን ቅጠል መርጠው ቃሙ፤ አፋቸውን ተጉመጥምጠው ገቡ። ለማታለል አስበው አይደለም። ፎቶ ለመነሳት ደህና ሸሚዝ እንደመልበስ ነው የቆጠሩት። «ቅማችኋል እንዴ?» ብትላቸው፣ «ኧረ በፍጹም!» አሉ በአንድ ድምፅ። ሽብሩ ቀዩ ላይ ጥቂት ጊዜ ቢሳሳትም ቢጫውን የሚጫንበት ፍጥነት ለጉድ ነበር። ኮምፒውተሩም ሽብሩ ማለት ይህ ነው ብሎ ያዘው።

ጣጣው የጂቡቲ የሥራ ሳምንት በሚከፈትበት እሑድ ጠዋት ጀመረ። ሽብሩ ክኒኗ ሳትለቀው፣ ሐራራው ናላውን እያዞረው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ጣቱ ዘገየ። «ከራስህ በታች ነህ» ተባለና መጥረጊያ ተሰጠው። ሰኞም እንዲሁ። ሙክታር ያደረ ጫት በኪሱ ይዞ እየመጣ ከፈተናው በፊት መቃም ጀምሮ ስለነበር እንደምንም አለፈ። ሽብሩም ማክሰኞ ያንኑ ሞከረ። ጣቱ ከዓይኑ ቀድሞ ቀዩንም ቢጫውንም እኩል ወቀጠው፤ ኮምፒውተሩም አልተቀበለው። በመጨረሻ ሼፍ የሚሉት አለቃቸው ጠርቶ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካላለፈ ወንበሯን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነገረው።

ያን ቀን ሽብሩ መቃሚያውን አልፎ ቀጥ ብሎ ቤቱ ገባ። ደብሪቱ ልብስ ስታጣጥፍ አገኛት።

«ምን ሆንክ አንተ ሰውዬ? በጊዜ መጣህ።»

«ያን ሰውዬ ልደርስበት አልቻልኩም።»

«የቱን ሰውዬ?»

«እኔን። የሐሙሱን።»

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ እሱ አለመሳቁን ስታይ ግን አቆመች። ሽብሩ ፈርቶ ነበር። ወንበሯ ልትሄድ ነው፤ ከዚያ የባሰ ግን ሌላ ነገር ያስጨንቀው ነበር። «ደብሬ፣ ቅጠሉን ብተወው ውስጤ ሰው ባይኖርስ?»

የያዘችውን ሸሚዝ አስቀመጠች። «እስቲ እንየው» አለችው። «እኔም ካየሁት ቆየሁ።»

በማግስቱ ሙንተሃ ዘንድ ሄዶ እውነቱን ዘረገፈው።

«ጋሼ ሽብሩ! እኔ አንተን ጨዋ ብዬ!» አለች፤ ግን አልተቆጣችም። ከሼፉ ጋር ተነጋግራ ልኩን እንደገና ልትይዝለት ተስማማች። አንድ ሳምንት ያለ ጫት፣ ያለ ክኒን መሰንበት ነበረበት።

ሳምንቱ የጉድ ነበር። ሌሊት ዱካክ የሚሉት የቃሚ ቅዠት ከገደል ሲወረውረው ያድራል፤ ቀን ጨው በማነሱ ከሽሮ ጋር ይጣላል። ሙክታር ከመንገድ ሆኖ ስሙን ሲጠራ በሩን ሊከፍት ሁለት ሦስቴ ተነስቷል። ፀሐይ በረድ ሲል ደብሪቱ ወደ ራስ ዲካ ትወስደዋለች። ባሕሩ ዳር ተቀምጠው የሚናገረው ይጠፋዋል። ኋላ ኋላ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ እህቷ ልጅ፣ ስለ ዓሣ አጥንት ማውራት ጀመሩ። አስታርቀኝ ብሎ የመጣ አገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ጫት ባፉ አልዞረም ብዬ አልዋሽም፤ አርብ ሲመጣ ሙክታርን ማስቀየም አይሆንለትም። ያን ሳምንት ግን ጥርሱን ነክሶ ጨረሰው።

ፈተናው ሲያልቅ ሙንተሃ የሁለቱን ቀን ውጤት ጎን ለጎን አወጣችለት። ሽብሩ አየና አንገቱን ደፋ።

«ከሐሙሱ ዘገየሁ።»

«ዘግይተሃል፤ ግን ትንሽ ነው። ቀዩ ላይ ደግሞ አንዴም አልተጫንክም። እነሆ፣ የራስህ ልክ ይሄ ነው ጋሼ። ለፎርክሊፍት ከበቂ በላይ ነው። ከነገ ጀምሮ ከዚህኛው ሽብሩ ጋር ነው የምትተያየው።»

ሽብሩ ውጤቱን እያየ እንባው ወረደ፤ ሊደብቀውም አልሞከረም። «እኔ እኮ የለሁም ብዬ ነበር» አለ።

ሙንተሃ የራሷን መቀመጫ አስጠግታ አብራው ተቀመጠች። ውጭ ጭነት ተከምሯል፤ ሼፉም «ሽብሩ የት ገባ?» እያለ ይጮሃል።