ቅርንጫፍ የሚለው ቃል

ባለፈው ሳምንት ቃሊቲ፣ ድሮ ከምሠራበት መጋዘን በር አጠገብ፣ ሰዉ በአንድ መስመር ተሰልፎ አየሁ። የታክሲ ሰልፍ መስሎኝ ከኋላ ቆምኩ። ለካ የተሰለፉት በመብራት ምሰሶ ጥላ ውስጥ ነው! ጥላው ቀጭን ስለሆነ አንዱ ከሌላው ጀርባ ተለጥፏል፤ ፀሐይዋ ዞር ስትል ሰልፉም አብሮ ዞር ይላል። መጨረሻ ላይ አንዲት ውሻ ምላሷን አውጥታ ተኝታለች፤ እሷም ተራዋን ይዛለች። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ፤ እዚያ ቦታ ምን እንደነበረ አውቃለሁና።

ግራር ነበረ። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ መጋዘኑ ውስጥ በታይፕ ጸሐፊነት ስቀጠር፣ በሚያዝያ ሙቀት ቆርቆሮው ሲግል፣ ያንን ግራር የማይጠጋ አልነበረም። ወዛደሮቹ ዳቧቸውን ይዘው፣ ሎሚ ሻጯ፣ በጎች፣ ውሾች፣ የጋሪ ፈረሶች፣ ሁሉም አንድ ላይ። ጋሼ ቶሎሳ የሚባሉ ሽማግሌ ባለጋሪም ነበሩ። እኩለ ቀን ላይ ጥላው ሲያንስ ያረገዘች ባዝራቸውን ግንዱ ሥር አስጠግተው እሳቸው ፀሐዩ ላይ ይቀመጣሉ። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ «እሷ ባርኔጣ የላትም» አሉኝ።

አንድ ቀን የከባድ መኪና ሸራ በግራሩ ቅርንጫፍ ተይዞ ተቀደደ። ሥራ አስኪያጁ (ዛሬም አንቱ ልበለው ብል አፌ አይታዘዝልኝም) በሩ ላይ የተንጠለጠለው ቅርንጫፍ ይቆረጥ ብለሽ ጻፊ አለኝ። ወደ ቤት ለመሄድ ቸኩዬ ነበርና «በበሩ አጠገብ ያለው ዛፍ ይቆረጥ» ብዬ መታሁት። ቅርንጫፍ የምትለው ቃል ቀረች። አባቴ በየዓመቱ «ዛፉን ቆረጥኩት» ይል ነበር፤ ዛፉ ግን እዚያው ግቢያችን ውስጥ ተከርክሞ ቆሟል። በአፍ ሲሆን እንግባባለን። ወረቀት ግን የተጻፈውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሰውዬውም ሳያነብ ፈረመ።

በማግስቱ የመጥረቢያ ድምፅ ሰምቼ ስወጣ ግንዱ ተጋምሷል። ቅርንጫፉ ብቻ ነው ብዬ ሮጥኩ። ዘበኛው ወረቀቱን ዘርግቶ፣ «ዛፍ ይላል እኮ እኅቴ፤ ፊርማም አለው» አለኝ። ወደ ሥራ አስኪያጁ ስሄድ ደግሞ ከተጀመረ ይጨረስ፣ እንዲያውም ዝንቡ ይቀንስልናል ብሎ መለሰኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት ለእኔ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ ቶሎሳ መጡ። ባዝራዋ ማንም ሳይመራት ጉቶው ጋ ሄዳ ቆመች። ቢጎትቷት አልንቀሳቀስ አለች፤ የለመደችውን ጥላ አንገቷን ደፍታ ትጠብቃለች። ላቧ ከሆዷ ሥር ይንጠባጠባል። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ከራሷ በላይ ወጠሩላት። በባልዲ ውሃ አመጣሁ።

«ልጄ፣ ማነው ያስቆረጠው?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልኳቸው።

አመኑኝ። ለውሃውም መረቁኝ። በዚያው ሳምንት ባዝራዋ መጨንገፏን ሰማሁ፤ እሳቸውም ወደዚያ በር አልተመለሱም። ከፀሐዩ አይደለም የሚለኝ ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ሳያነብ በፈረመው ሰው ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ተናድጃለሁ። ለመናደድ እሱ ይቀለኛል። የዘለልኳት ቃል ስሕተት ናት፤ ስሕተት ለማንም ያጋጥማል። «አላውቅም» ግን ስሕተት አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ሰልፉ ላይ ከፊቴ የቆመች ወጣት ፋይሏን አናቷ ላይ አድርጋ ዞረች። «እማማ፣ እዚህ አንድ ዛፍ የሚተክል ሰው ይጥፋ?» አለችኝ።

«ዛፍማ ነበረ። እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ጠጋ ብላም ቦታ ለቀቀችልኝና፣ «ይግቡ እንጂ፣ ፀሐይ ይመታዎታል» አለችኝ።

አልገባሁም። ታክሲው እስኪመጣ ፀሐዩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ።