ባለ አንድ ጭስ መውጫዋ መርከብ

ፊደል የያዝኩት እዚህም እዚያም ለቅሜ ነው፤ ብዙ አልጽፍም። መርከቧን ግን ሳልጽፋት ብሞት ይቆጨኛል።

በንጉሡ ጊዜ የአንድ የሐረር ነጋዴ ቡና አጅቤ በባቡር ጅቡቲ እወርድ ነበር። ቡናው እስኪራገፍ ወደቡ ዳር ቁጭ እላለሁ። በዚያ ወበቅ ባሕሩና ሰማዩ ይቀላቀሉና፣ ሰው የጫኑት ትላልቅ መርከቦች አየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስሉኛል። አንዷ ሆዷ ጥቁር፣ አፍንጫዋ ቀጥ ያለ ነው። ሌላዋ ወገበ ሰፊ፤ ፎቆቿ እንደ ቤታችን ነደባ፣ እንግዳ እንደየክብሩ እንደሚቀመጥበት መደብ፣ ደረጃ በደረጃ ይወጣሉ። አንድ ቀን አንዲት ነጭ መርከብ አፍንጫዋን ወደ እኔ አድርጋ፣ ድምፅ የላት ምን የላት፣ እንደ ደመና ገባች። ከሁሉም እሷን ወደድኩ።

ጀጎል ተመልሼ ለባለቤቴ ያየሁትን እንዳየሁት ነገርኳት። ለልጃችን ሰርግ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ትልቁን ስፌት የጀመረችበት ሰሞን ነበር። የሰፈሩ ሴት የእናትን እጅ የሚመዝነው በዚያ ስፌት ነው።

«መርከቧን እሰፋታለሁ» አለች። «ጭስ መውጫዋ ስንት ነው?»

«አንድ።»

ድሮ ጅቡቲ ወደብ ተሸካሚ የነበሩት፣ ቡና ሊጠጡ የመጡት ሽማግሌ ጎረቤታችን ሳቁ። «ነጯ? ሁለት ነው እንጂ! ሙቀቱ አዙሮህ ነው።»

«ወላሂ አንድ ነው! በዓይኔ አይቼ!»

ባለቤቴ እኔን አምና አንድ ሰፋች።

ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው እንደገና ወረድኩ። ነጯ ቆማለች፤ አሁን ጎኗን ሰጥታኛለች። ጭስ መውጫ፣ ከኋላው ሌላ ጭስ መውጫ። ያን ቀን የፊተኛው የኋለኛውን ጋርዶት ኖሯል። ባቡሩ ላይ ዝም ልበል አልኩ፤ ወላሂ ብዬ መማሌ ግን አላስቀምጥ አለኝ።

ቤት ስገባ ስፌቱ አልቋል።

«ሁለት ነው» አልኳት።

ስፌቱን ወደ እኔ አዞረችው። «ስታያት አፍንጫዋ ወዴት ነበር?»

«ወደ እኔ።»

«እኔስ ወዴት አደረግኩት?»

አየሁ። በቀዩና በጥቁሩ አለላ መሀል ነጯ መርከብ ፊት ለፊት ወደ እኔ ትመጣለች።

የሰርጉ ቀን ሽማግሌው ግድግዳው ሥር ቆሙ። «አንዱ የት ሄደ?»

«ከኋላ ነው፤ ጠጋ ብለው ይዩት አባቴ» አለቻቸው ባለቤቴ።

እሳቸውም አንገታቸውን አስግገው በስፌቱ ጎን ተመለከቱ።