የአንድና የዜሮ ወረቀቶች

ጓደኛዬ የሒሳብ መምህር ነበር፤ እኔ ደግሞ አዋሳ ፒያሳ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት ሬዲዮ ጠጋኝ። አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ከተማውን ለቅቆ ሲሄድ፣ ከቴሌቪዥን ጋር እየተገናኘ የሚሠራ ትንሽ ኮምፒዩተር ለመሥሪያ ቤታችን ትቶ ሄደ። የሚነካው ሰው ስላልነበረ ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ያዝነው፤ ማንንም አላስፈቀድንም።

አማተር ሬዲዮኞች፣ ማለትም ለደስታቸው ብለው በሬዲዮ የሚገናኙ ሰዎች፣ በአጭር ሞገድ ጽሑፍ ይላላካሉ። የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ፊደል በአምስት ምልክት ይመጣል። ቀጭኑን ድምፅ አንድ፣ ወፍራሙን ዜሮ አልነውና ጩኸቱን ወደ ጽሑፍ የሚመልስ ፕሮግራም መጻፍ ጀመርን። መላክ ክልክል ነው፣ መስማትን ግን ማን ይከለክላል እያልን ራሳችንን እናታልል ነበር። በዚያ ዘመን ግድግዳም ጆሮ እንዳለው ሕፃን እንኳ ያውቅ ነበር።

በሳምንቱ ውስጥ ኮምፒዩተሩን ስለማናገኘው ፕሮግራሙን ቤታችን በወረቀት እንጽፋለን። የእኔ ጽሕፈት ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው። ስለዚህ እሱ ሁሉንም በዚያ ውብ እጁ ይገለብጠዋል፣ እኔም ረቂቄን ቀድጄ እጥላለሁ። የፊደሎቹን ሰንጠረዥ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በእኔ እጅ የተጻፈ አንድ መስመር ግን አልቀረም።

እሱ ጴንጤ ነበር። ቤተ ክርስቲያናቸው ከተዘጋ በኋላ ምሥራቅ ሰፈር በሚገኘው ቤቱ ተሰብስበው ሲጸልዩ ተይዞ ታስሮ ነበር። ሲለቁትም «ሁለተኛ ከመጣህ አትመለስም» ብለውታል። ይህን ራሱ ነግሮኛል።

አንድ ማክሰኞ የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች መጽሐፍ ቅዱስ ሊፈልጉ ቤቱ ገብተው ወረቀቶቹን አገኙ። በማግስቱ እኔም ቀበሌ ተጠራሁ። ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷቸዋል። ጓደኛዬ የጫማው ክር ወልቆ ግድግዳው ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ጓድ፣ አንተ የሬዲዮ ሰው ነህ። ይሄ የምን ምስጢር ነው?»

ምስጢር አይደለም፣ የፊደል ሰንጠረዥ ነው፣ እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ ኑና በቴሌቪዥኑ ላይ ላሳያችሁ ማለት እችል ነበር። ይህን ማለት የሚችል ሰው በከተማው ውስጥ ከእኔ ሌላ አልነበረም።

«አላውቀውም» አልኩ።

ሊቀ መንበሩ ወደ እሱ ዞረ። «ከማን ጋር ነው የሠራኸው?»

አለቀልኝ አልኩ። ይህ ሰው የማይፈልገው እንግዳ በሩን ሲያንኳኳ እንኳ «የለም በሉት» የማይል ሰው ነው። ውሸት ለእሱ ኃጢአት ነው፣ ቀልድም የለበትም። ወለሉን ትንሽ አየና ቀና አለ። ወደ እኔ አልተመለከተም።

«ብቻዬን ነው የሠራሁት» አለ።

እኔን ወደ ቤቴ አሰናበቱኝ፤ እሱን በላንድሮቨር ወሰዱት። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ እናቴም እራት አቀረበችልኝ፣ በላሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ አፍራለሁ።

በሳምንቱ ታናሽ እህቱ የስንቅ ሳህኗን እንደያዘች መጣች። ስንቁን አንቀበልም ብለው መልሰውባታል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ጓደኛው ነዎት። ወንድሜ በምን እንደተያዘ ያውቁ ይሆን?»

ለእሷም አላውቅም አልኳት።