ዶንዶግ በፈረስ የገደለ ዕለት

ጎረቤቴ ዶንዶግ ሥራ ሲያይ ያመዋል። በጎቹን የምታግደው ሚስቱ ኻንዳ፣ ኩበቱን የምትለቅመው ኻንዳ፣ አባቷን ሽማግሌውን ሉንደግን የምታስታምመው ኻንዳ። እሱ ሻታር፣ የእኛን የሞንጎሎቹን ቼዝ፣ ዘርግቶ ይጎለታል። ኡላን ባተር ከርሞ የፈረንጁን ቼዝ ተምሮ ከመጣ ወዲህማ ጭራሽ ባሰበት። የእኛውን የእረኛ ጨዋታ ይለዋል። ወግ ነው እንግዲህ፣ እሱ ራሱ ማን ሆነና!

ያን ዓመት ብርዱ ከብቱን ፈጅቶ የቀረቻቸው የምትታለብ ባዝራ አንዲት ነበረች። ሽማግሌው ሳንባቸውን ያማቸዋል፤ ደረታቸውን የሚያሽረው የኮመጠጠ የባዝራ ወተት ብቻ ነው። ይህን እያወቀ ነው እንግዲህ በሻታር ጨዋታ ባዝራዋን በመንደርተኛችን በሻግዳር ሰንጋ ፈረስ የተወራረደው። ኻንዳ ለመነችው። ሰንጋው ቤቴ እንደገባ ቁጠሪው አላት። ላም አለኝ በሰማይ!

በሻታር ፈረስ ንጉሥን ያስጨንቃል እንጂ አይገድልም። በፈረንጁ ቼዝ ቢፈቀድም፣ በእኛው በፈረስ የገደለ ተሸናፊ ነው። ይህን እኛ ዘንድ ጥርሱን ያላወጣ ሕፃን ያውቀዋል።

መቼም አልክድም፣ ጨዋታው በእጁ ነበር። ሠረገላ የሚባለውን ጠጠር አንዴ ቢገፋው ያበቃለት ነበር። ምን ያደርጋል፣ የከተማ ትምህርቱን ሊያሳየን አማረው። ፈረሱን አንስቶ ንጉሡን በሚገድልበት ቤት ላይ ጓ አደረገና እጁን አጣጥፎ ተንፈላሰሰ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ሻግዳር ራሱ አፍሮለት አቀረቀረ።

ሻግዳር ደግ ሰው ነው። «ወንድሜ፣ ባዝራዋ እናንተ ዘንድ ትቆይ» አለው፤ «አባታችን ወተቷን ይጠጡ። ብርዱ ሲገባ እወስዳታለሁ።»

«ለማኝ መሰልኩህ?» አለ ዶንዶግ። «ውርንጭላዋንም ጨምረህ ውሰድ።»

እቴ! ኩራቱ በሰው ጉሮሮ ነው። እንዲህ ያለውን ወንድ አማች ብሎ ማስጠጋት ምን ዓይነት እርግማን እንደሆነ አላውቅም።

በማግስቱ ሽማግሌውን ልጠይቅ ገባሁ። ሳላቸው ከውጭ ይሰማል። ወተቴስ ብለው ጠየቁ። ኻንዳ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። ዶንዶግ፣ የማያፍር፣ ሰሌዳውን ይዞ አልጋቸው ሥር ቁጭ አለና ጠጠሮቹን እንደነበሩ ደረደራቸው።

«ይዩት እስቲ አባቴ» አለ። «አሸንፌው ነበር እኮ።»

ሽማግሌው ሰሌዳውን አላዩትም። ያዩት ልጃቸውን ነው።

«ኻንዳዬ» አሏት፣ «እንግዲህ የወተት ዋንጫዬን አንሺው።»