ቀላሏ መዘውር

የብስክሌት ጎማ ወደ ኋላ ሲሽከረከር የሚያሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ አይደል? ያ ጠጠጠጠ የሚለውን። ትናንት ከአንድ ብስክሌት ጠጋኝ ደጃፍ ሳልፍ ሰማሁትና ቆም ብዬ አዳመጥኩት።

ያኔ ደብረ ማርቆስ ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ቤት አብሮኝ የተከራየው የባዮሎጂ መምህር ከአርባ ምንጭ የመጣ፣ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ነው። የደጋው ብርድ አልስማማው ብሎ፣ ፀሐይ ወጥቶ እንኳ ጋቢውን አያወልቅም። ጋቢውን የሚጥለው ዓሣ ልናጠምድ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ብቻ ነበር።

የማጥመጃ ክር የሚጠቀለልባቸው ሁለት መዘውሮች ነበሩት። አንዷ አዲስ ናት፤ መዳፍ የማትሞላ፣ በጣት ስትነካ እንደ ብስክሌት ጎማ ጠጠጠጠ እያለች የምትሾር። ሌላው የአባቱ የነበረ፣ ከባድ ብረት፣ ወፍራም ክር የተጠቀለለበት፣ የግራሶ ሽታው ክፍሉን የሚሞላ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱን አልጋው ላይ አስቀምጦ እያፈራረቀ አያቸው።

«ዛሬ ከአለቱ ሥር ያለው ጥልቁ ላይ ነው የምንጥለው» አለኝ። «ክሩን የሚያሰምጠውን እርሳስ እታች ድረስ አውርደህ ከፍ ዝቅ ስታደርገው ትልቁ ዓሣ ይመጣል። ለጥልቅ ውኃ ፍሬኑ የሚታመን ነው የሚያስፈልገው። ትንሿ ከከበዳት ትነክሳለች፤ ክሩን አትለቅም።»

«ተው ባክህ፣ ያንን ብረት ማን ይሸከማል? ቀላሏን ያዝ።»

ዕቃውን ይዞ ዳገቱን መውጣት የዚያን ቀን የኔ ተራ ነበር። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ሳቀና ከባዱን አልጋው ሥር መለሰው።

ክረምቱ ቢወጣም ውኃው ገና ቡናማ ነበር። የጭቃው ሽታ፣ ከአለቱ የሚነሣው ወላፈን፣ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። አምስት ሰዓት ገደማ ክሩ ተወጠረ። መዘውሯ ጮኸች።

«አምባዛ ነው! ሰው ያክላል!» እያለ ይስቅ ነበር።

ከዚያ ጩኸቱ ቀጥ አለ። መዘውሯ ነክሳ ክሩን አልለቅ አለች። እጁን ሰዶ ክሩን ሲስብ መዳፉ ላይ ተጠመጠመበት።

«ልቀቀው!» አልኩት።

«እጄን...» አለ፤ አልጨረሰውም። አለቱ እርጥብ ነበር፤ ተንሸራቶ ውኃው ውስጥ ገባ። ደርሼ ክንዴን ስዘረጋ የሚያዝ ነገር አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ከወንዙ ታች ገበሬዎች አገኙት።

እናቱ ጥቁር ለብሰው መጡ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «አንተ ነህ አብረኸው የነበርከው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እናቴ።»

«ፈርቶ ነበር?»

«እየሳቀ ነበር» አልኳቸው። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ ልናገር አፌን ስከፍት፣ «ተመስገን፣ ከወንድሙ ጋር ነበር» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። አፌን ዘጋሁ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የእንቁጣጣሽ ዕለት ጠዋት ይደውሉልኝ ነበር። «ልጄ፣ ደኅና ነህ? ወለድክ?» ይሉኛል። በየዓመቱ፣ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ድምፃቸውን ስሰማ፣ «ደኅና ነኝ፣ እርስዎ እንዴት ነዎት?» ብቻ ይወጣኛል።

ዘንድሮ ስልኩ አልጮኸም። እስከ ቀትር ጭኔ ላይ አድርጌው ተቀመጥኩ። ባለቤቴ፣ «ለምን አንተ አትደውልም?» አለችኝ። ቁጥራቸው እፊቴ ነበር። ሌላ ሰው ያነሣዋል ብዬ ፈራሁ፤ አልደወልኩም።