ካርዱ ላይ የተጻፈው ዘይት

«ንቢት» የምንላት ቀኑን ሙሉ ቁጭ ስትል ስለማትታይ ነው፤ ስትቆጣም ትናደፋለች። ልብስ ማጠቢያ ድርጅት ውስጥ የሆቴል አንሶላ የሚተኩሰው ትልቁ ማሽን ላይ አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ቆመናል። እሷ በቀኝ፣ እኔ በግራ ጫፍ ይዘን እርጥቡን አንሶላ ለጋሉትና ለሚሽከረከሩት ሮለሮች እናጎርሳለን፤ ተተኩሶ በወዲያ በኩል ይወጣል።

ማሽኑ አፉ ላይ የብረት ዘንግ አለው፤ እጅ ሲነካው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ችግሩ አንሶላም ሲነካው ይቆማል። ባለቤቱ ሥራ ዘገየ እያለ ሲጮህ፣ ፎርማኑ ዘንጉን በሽቦ ጠፍሮ አሰረው። እኛ ሞኞቹም ተገላገልን ብለን አመሰገንነው። ይህ ፎርማን የንቢት አጎት ነው፤ እናቷ ስትሞት በስድስት ዓመቷ ወስዶ ያሳደጋት።

አንድ ሰኞ ጠዋት የአንሶላው ጥግ ጣቶቿ ላይ ተጠመጠመና ቀኝ እጇን ይዞት ገባ። ሮጬ ማሽኑን እስካጠፋው አንጓዋ ድረስ ሄዶ ነበር። እሷ ድምፅ አላወጣችም፤ የጮህኩት እኔ ነኝ።

አጎቷ በራሱ መኪና ክሊኒክ አደረሳት። ኋላ እንደነገረችኝ፣ መንገድ ላይ «ቤት ውስጥ የፈላ ዘይት ፈሰሰብኝ በይ፣ የኔ ልጅ። ሽቦው ከታወቀ አለቀልኝ። እኔ እያለሁ ምንም አይጎድልብሽም» አላት። እሷም እንዳላት አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና የክሊኒኩ ካርድ ላይ እንደዚያው ተጻፈ።

ሦስት ወር ሞላ፤ እጇ አልታጠፍ አለ፣ ማንኪያ እንኳ አይዝም። ባለቤቱ ደመወዟን አቆመ። «እኔ ጋ ስትጎዳ አላየሁም፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አለ። አጎቷም ስታዋየው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በገንኩ። ክንዷን ይዤ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ወሰድኳት።

የቀጠሮው ቀን ባለቤቱና አጎቷ ከፊታችን ተቀመጡ። ስለ ሽቦው ያየሁትን ተናገርኩ። ባለቤቱ ሳቅ ብሎ «ጓደኛዋ ናት፤ ሌላ ምን ልትል ኖሯል?» አለ። ሽቦው እንደሆነ ድሮ ተፈትቷል።

ጉዳዩን የሚያየው ሰውዬ ካርዱን አንብቦ ወደ ንቢት ዞረ።

«ዘይት ከሆነ እኛ ጋ የሚያመጣዎት ነገር የለም። ሥራ ላይ ከሆነ ግን ሕክምናውም ካሳውም መብትዎ ነው። ዘይት ነው ብለው የተናገሩት ለምንድን ነው? ማን በሉ አለዎት?»

ንቢት አጎቷን አየችው። እሱ መሬት መሬቱን ያያል። አውቃታለሁ፣ ለእሱ ስትል ሌላውንም እጇን ትሰጣለች። ሰውዬው ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል። ባለቤቱ ሰዓቱን አየ።

«አጎቴ ነው» አለች፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ። «ዘንጉንም ያሰረው እሱ ነው።»

አጎቷ አልካደም። ከኮቱ ኪስ እጥፋቱ የተላላጠ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሰውዬው ጮክ ብሎ አነበበው። ሽቦው አለበት፣ የባለቤቱ ትእዛዝ አለበት፣ መኪናው ውስጥ የተባለው አለበት፤ በስሙ ተፈርሟል። ከተጻፈ ሦስት ሳምንት አልፎታል።

ባለቤቱ ብድግ ብሎ ተሳደበ፤ ሰውዬው ቀና ሳይል ጉዳቱ ሥራ ላይ የደረሰ መሆኑን መዘገበ። አጎቷም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሥራ እንደሌለው ሁላችንም ገብቶናል።

ኮሪደሩ ላይ ንቢት የአጎቷ አንገት ሥር ተወሽቃ አለቀሰች። «ይዘኸው መጥተህ ነበር እኮ፣ ጋሼ። ራስህ ልትናገር ስትል አዋረድኩህ። ምን ነበር ትንሽ ብታገስህ?»

ያን የተጎዳ እጇን ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለት እጁ ያዘው።

«ተይ፣ የኔ ልጅ» አላት። «ሦስት ሳምንት ኪሴ ውስጥ ነበር። አንቺ ባትቀድሚኝ ዛሬም ይዤው ወደ ቤቴ እገባ ነበር።»